በሕፃን ራስ ላይ ያለች ባዶ ቦታ

በ10ኛው ወይም በ14ኛው ሳምንት ለክትባት የሚመጡ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። መርፌው ተወግቶ፣ ልቅሶው በርዶ፣ ካርዱ ተሞልቶ ሲያልቅ የልጁን ኮፍያ ገለጥ ያደርጋሉ። «ሲስተር፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ» ይላሉ። ከጭንቅላቱ በስተኋላ፣ ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ፀጉሩ ሳስቷል። አንዳንዱ ልጅ ላይ ጭራሽ ባዶ ነው።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ክትባት ክፍል ብዙ ስለቆየሁ ጥያቄውን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት አብሮት የሚመጣውን ወቀሳ ነው። አማት «ሁሌ በጀርባው ስለምታስተኚው ነው» ብላለች። ጎረቤት «ቅቤ ነፍገሽው ነው» ብላለች። አንዳንዷ እናት ደግሞ እኛኑ ትጠረጥራለች። በ6ኛው ሳምንት ተከተበ፣ ከዚያ ፀጉሩ ረገፈ። ቀኑን ስትቆጥረው ይገጥምላታል። በዚህ አልቀየማትም። ልጇን በዓይኗ የምትከታተል እናት ናት።

ነገሩ ግን የተጀመረው ልጁ ከመወለዱ በፊት ነው። የፅንስ ፀጉር ማህፀን ውስጥ እያለ ያድጋል፣ ያርፋል፣ ይረግፋል። የግንባሩና የአናቱ ፀጉር ቀድሞ ወደ ዕረፍት ይገባል። የኋላው ግን እስከ ወሊድ አካባቢ ማደጉን ይቀጥልና ያኔ በአንድ ላይ ያርፋል። ያረፈ ፀጉር ደግሞ ወዲያው አይወድቅም። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ነው የሚረግፈው። ይህ ጊዜ ከእኛ የክትባት ቀጠሮ ጋር ይገጣጠማል። ክትባቱም እናቲቱም የሉበትም። የሕክምና መጻሕፍት ራሳቸው ለብዙ ዘመን የትራስ መፈተግን ሲወቅሱ ኖረዋል። መፈተጉ ሊወድቅ የደረሰውን ፀጉር ያፈጥነው ይሆናል። ዋናው ምክንያት ግን የፀጉሩ የራሱ ዑደት ነው። አብዛኞቹ ልጆች ላይ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ፀጉሩ እንዳይረግፍ ብላችሁ ሕፃኑን በሆዱ አታስተኙት። በጀርባ ማስተኛት ሕፃናት በእንቅልፍ ላይ ድንገት እንዳይሞቱ ይከላከላል። ፀጉሩ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ የምለው ግን ያየሁት ባዶ ቦታ ይኸው የተለመደው መሆኑን ሳውቅ ነው። ደግሞ በባዶ ዓይን ሁልጊዜ አይታወቅም። የሕፃን ራስ ትንሽ ናት፣ ፀጉሩ ስስ ነው፣ ልጁ አይረጋም። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ባዶ ቦታዎች ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ያለ ምንም መድኃኒት ይድናል። ሌላው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ይፈልጋል። ሦስተኛው ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነው። እምብዛም የማይገጥመው አራተኛው ደግሞ የሌላ ከባድ በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ነው።

ይህን ልዩነት ያለ ቢላ፣ ያለ መርፌ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ አለ። ደርማቶስኮፕ ይባላል። ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ፣ ብዙ ጊዜ 10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የራሱ መብራት ያለው ሌንስ ነው። ሲሠራ በቅርብ ያየሁት ሐረር ውስጥ ነው። የእህቴን ልጅ ይዘን ሄደን።

ሕፃኗ ከተወለደች ጀምሮ አናቷ ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ ፀጉር አልነበረውም። ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ስስ ወረቀት የመሰለ ነበር። ቤተሰቡ ወዲያው ፈረደ። አዋላጇ ናት የጎዳቻት ተባለ። ምጡ ረጅም ስለነበር ሁሉም አመነ። እናቴ «ልጄን ያዋለደችውን አገኛት የለም ወይ!» እያለች ሰነበተች። እህቴ ደግሞ ልጇን በሻሽ ሸፍና ቤት ዋለች። እንግዳ ሲመጣ ሕፃኗን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር።

በደንገጎ ዳገት ወጥተን ሐረር ገባን። የቆዳ ሐኪሙ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ደስ አሰኘኝ። እህቴን «አጥቢያት» አላት። ልጅቷ መጥባት ስትጀምር ዝም አለች። ሐኪሙ ሌንሱን በአልኮል ጠረገው፣ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ ከዚያ ሳይጫን ጠጋ አደረገው። እርግብግቢቷ አጠገብ ሲደርስ ሌንሱን ከቆዳው አንስቶ በርቀት ብቻ አየ። ሕፃኗ ጡቷን አልለቀቀችም። ሌንሱ ስልኩ ላይ ተገጥሞ ስለነበር የሚያየውን ሁሉ እኛም አየን።

ስክሪኑ ላይ የሌለው ነገር ነበር ዋናው። በጤነኛ የራስ ቆዳ ላይ ፀጉር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ተራ በተራ ይታያሉ። ባዶው ቦታ ላይ አንድም ቀዳዳ አልነበረም። ቆዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ። ዳርና ዳር ያሉት ፀጉሮች ደግሞ ሥራቸው ሳይቀር በቆዳው ውስጥ አልፎ ይታይ ነበር። እንደ ጨረር ወደ ውጪ ተዘርግተው። ሐኪሙ «ይኼ ቁስል አይደለም። ቆዳው ማህፀን ውስጥ ሳለ እዚህች ቦታ ላይ ሙሉ ሳይሠራ ቀርቶ ነው» አለን። አፕላዝያ ኩቲስ ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው አናት ላይ ነው። በየአገሩ የወሊድ ጉዳት እየመሰለ አዋላጆችን ያስወቅሳል።

ሌላም ነገር ፈለገ። በባዶው ቦታ ዙሪያ የጠቆረና የረዘመ የፀጉር ቀለበት መኖር አለመኖሩን አየ። አልነበረም። እንዲህ ያለው ቀለበት፣ በተለይ በራስ መሐል መስመር ላይ ሲሆን፣ ከሥሩ የአጥንት ወይም የአንጎል ሽፋን ችግር ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል። ያኔ ማንም ቆርጦ ናሙና ከመውሰዱ በፊት አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ መደረግ አለበት። ሐኪሙ ለጥንቃቄ ብሎ አልትራሳውንድ አዘዘልን። ንጹሕ ነው ተባለ። እዚያች ቦታ ላይ ፀጉር አይበቅልም። ልጅቷ ስታድግ ግን የጎኑ ፀጉር ይሸፍነዋል። ካልሸፈነው ደግሞ ወደፊት በቀዶ ጥገና ማጥበብ ይቻላል።

እናቴ አዋላጇን ፈልጋ ሄደች። ምን እንደተባባሉ አልነገረችንም። እህቴ ግን ሻሹን አወለቀችው።

አንዲት ሌንስ ይህን ሁሉ ማድረጓ ገረመኝና ማንበብ ጀመርኩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ቆዳችን ላይ ብርሃን ሲያርፍ አብዛኛውን የምናየው ከላዩ የሚመለሰውን ነጸብራቅ ነው። ቀትር ላይ ከዚራ መንገድ ዳር ቆማችሁ የባጃጅ መስታወት ተመልከቱ። ፀሐዩ ያንጸባርቅና ውስጥ ያለውን ሰው አታዩትም። በእጃችሁ ከልላችሁ ስትጠጉ ግን ፊቱ ይታያል። ደርማቶስኮፕም ያንን ነጸብራቅ ነው የሚያስወግደው። አንዳንዱ በቆዳውና በሌንሱ መካከል ጄል ወይም አልኮል ተደርጎበት ይሠራል። አዳዲሶቹ ደግሞ ፖላራይዝድ ብርሃን (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን) ስለሚጠቀሙ ቆዳውን ሳይነኩም ያሳያሉ። ለጨቅላ ሕፃን ይኼኛው ይሻላል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ዮሐን ሳፊየር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920 ስለ እንዲህ ያለ ምርመራ ጽፏል። ለረጅም ጊዜ ግን መሣሪያው የሚታወቀው ቆዳ ላይ የሚወጣ ጥቁር ነጥብንና የቆዳ ካንሰርን በመመርመር ነበር። ፀጉርንና የራስ ቆዳን ማየት ራሱን ችሎ ትሪኮስኮፒ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስሙን ያወጡለት ሊዲያ ሩድኒትስካና ማውጎዣታ ኦልሼቭስካ የተባሉ የፖላንድ ሐኪሞች ናቸው። ከዚያ በፊት ሐኪም ሲጠራጠር ያለው አማራጭ ብዙውን ጊዜ ባዮፕሲ ነበር። ከሕፃን ራስ ላይ ማደንዘዣ ወግቶ 4 ሚሊ ሜትር የምትሆን ቆዳ ቆርጦ ማውጣት ማለት ነው። ጠባሳም ይተዋል። አሁንም የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የለበትም።

የማምንበትን በግልጽ ልናገር። በሕፃን ራስ ላይ ምንም ነገር ከመቀባታችን በፊት «የፀጉሩ ቀዳዳ አለ ወይ? ካለስ ውስጡ ምን አለ?» ብለን መጠየቅ አለብን። መልሱ የሚገኘው በቅርብ በማየት ብቻ ነው። እኛ ጋ ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። ነጭ ሽንኩርት ይታሻል። ናፍታ ይቀባል። ሬት ይለቀለቃል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛ ክሎቤታሶል ይቀባል። ልጁ ሐኪም ጋ ሲደርስ በሽታው የትኛው፣ የመድኃኒቱ ጉዳት የትኛው እንደሆነ አይለይም። ነጭ ሽንኩርት የሕፃን ቆዳ ያቃጥላል፤ ውኃ የቋጠረ ቁስል አይቻለሁ። ክሎቤታሶል ደግሞ ከጠንካራዎቹ የስቴሮይድ ቅባቶች አንዱ ነው። የሕፃን ገላ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ሰፊ ቆዳ ስላለው የተቀባው መድኃኒት ወደ ደሙ የሚገባበት መጠን ከትልቅ ሰው ይበልጣል። ቆዳውንም ያሳሳል።

ስቴሮይዱ የባሰ ጉዳት የሚያደርሰው ቆረቆር ላይ ነው። ቆረቆር የፈንገስ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከ3 እስከ 7 ዓመት ያሉትን ነው። ግን ትልቁ ልጅ ትንሹን ያቅፋል፣ ይስማል፣ አንድ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ። ስለዚህ ዓመት ያልሞላው ሕፃንም ይያዛል። አገራችን ውስጥ ዋነኛው አምጪ ትሪኮፋይቶን ቫዮላሲየም የሚባለው ነው። ይህ ፈንገስ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው። በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ በሻሽና በደንብ ባልጸዳ ቶንዶዝ ይጓዛል። ስቴሮይድ ሲቀባበት መቅላቱና ማሳከኩ ለጊዜው ይጠፋል። እናት «ተሻለው» ትላለች። ፈንገሱ ግን ከላይ መልኩን ቀይሮ ከሥር ይስፋፋል።

እዚህ ላይ ነው ሌንሷን በጣም የምወዳት። ይህ ፈንገስ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚበላው ፀጉሩ ይሰበራል፣ ይጣመማል። በደርማቶስኮፕ ሲታይ እንደ ማጭድ የጎበጡ አጫጭር ፀጉሮች ይገኛሉ። የፖላንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2008 የጻፉባቸው ናቸው። እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዙም አሉ። ስለነዚህ በጥቁር ልጆች ላይ ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። የኛን ልጆች ፀጉር የሚመለከት በመሆኑ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ከቆዳው እኩል ተሰብረው የቀሩት ደግሞ ጥቋቁር ነጥቦች መስለው ይታያሉ። ዉድ ላምፕ የሚባለው ሐምራዊ መብራት ግን እዚህ አይረዳም። ከድመትና ከውሻ የሚመጣው ፈንገስ በዚያ መብራት አረንጓዴ ያበራል። ቫዮላሲየም አያበራም። ስለዚህ «መብራቱ ምንም አላሳየም፣ ፈንገስ አይደለም» ተብሎ የተመለሰ ልጅ ቆረቆር ሊኖረው ይችላል።

ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም። መድኃኒቱ ከቆዳው በታች እስከ ፀጉሩ ሥር መድረስ ስላለበት በአፍ ይወሰዳል። ግሪሲዮፉልቪን ለሳምንታት ወይም ተርቢናፊን። ለሕፃን መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ብቻ ነው። ቤት ያሉት ወንድምና እህቶች፣ የምታቅፈው ሞግዚትም መታየት አለባቸው። ከታከመ በኋላ ሌንሷ ዳግም ትጠቅማለች። የጎበጡትና የተጠማዘዙት ፀጉሮች ከጠፉ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሳ። ሴባሲየስ ኒቨስ የሚባል ሲወለድ ጀምሮ ያለ ቢጫማ ባዶ ቦታ አለ። በሌንስ ሲታይ ከፀጉር ቀዳዳ ጋር ያልተያያዙ ደማቅ ቢጫ ነጥቦች ይታያሉ። ከአፕላዝያ ኩቲስ የሚለየውም በዚህ ነው። በጉርምስና ጊዜ ስለሚወፍር ክትትል ይፈልጋል። ሌላው ከጆሮ ከፍ ብሎ በግንባሩ ጥግ ላይ የሚወጣ ሦስት ማዕዘን የሚመስል ባዶ ቦታ ነው። ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም። ቀዳዳዎቹ ሁሉ አሉ፤ ከውስጣቸው የወጣው ግን ስስ ለስላሳ ፀጉር ነው። ይህ ቦታ ሕክምና አያስፈልገውም። ላሽ (ፀጉር ክብ ክብ እየሆነ የሚረግፍበት በሽታ) እየመሰለ ብዙ ሕፃናት ስቴሮይድ ተቀብተውበታል። ላሽ ሕፃናት ላይ እምብዛም አይከሰትም። ሲከሰት ግን ከሥሩ ቀጥኖ ከጫፉ የወፈረ፣ የቃለ አጋኖ ምልክት የመሰለ ፀጉር ይታያል።

ለድሬዳዋ ልጆች ብዬ የማነሳው አንድ ነገር አለ። ለአቅመ አዳምና ሔዋን ያልደረሱ ልጆች የራስ ቆዳ ቅባቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ አቧራው ቆዳው ላይ ያርፋል። በሌንስ ሲታይ ጥቋቁር ነጥብ ይመስላል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፋስ በሚነሳበት ከተማ ይህን የማያውቅ መርማሪ የጤነኛ ልጅ አቧራ አይቶ «ቆረቆር ነው» ሊል ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። በእርጥብ ጎዝ ጠረግ አድርጎ ደግሞ ማየት። አቧራ ከሆነ ይሄዳል። የተሰበረ ፀጉር ከሆነ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ በጣም ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ተዘርተው ይታያሉ። የላብና የፀጉር መውጫዎች ናቸው እንጂ በሽታ አይደሉም። መቅላት የሚባለው ምልክት ደግሞ በእኛ ቆዳ ላይ ደብዝዞ ነው የሚታየው። አብዛኛው የመማሪያ ሥዕል ከነጭ ቆዳ የተወሰደ በመሆኑ የእኛ ሐኪሞች የራሳችንን ልጆች ፎቶ ማሰባሰብ አለባቸው። ወላጅ ተጠይቆ ሲፈቅድ፣ ፊት ሳይታይ፣ ስም ሳይጻፍ።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ። አንዳንድ ጊዜ ችግሩ ቆዳው ላይ አይደለም፣ ራሱ ፀጉሩ ላይ ነው። ሞኒሌትሪክስ በሚባለው በሽታ ሕፃኑ ሲወለድ ፀጉሩ ደህና ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያ ፀጉር ሲተካ አዲሱ እንደ ጨሌ አንዴ ወፈር አንዴ ቀጠን እያለ ይወጣና በቀጠነበት ይሰበራል። ማጅራቱ አካባቢ ስለሚብስ ከተለመደው የኋላ መርገፍ ጋር ሊምታታ ይችላል። ሌንስ ግን ይለየዋል። ኔዘርተን የሚባለው ሌላ በሽታ ደግሞ ቆዳው በሙሉ የሚላጥ ልጅ ላይ ይታያል። ፀጉሩ እንደ ቀርከሃ አንጓ ያወጣል። ለዚህ ከራስ ፀጉር ይልቅ ቅንድቡን ማየት ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሜንከስ ነው። ሰውነት መዳብን በአግባቡ ማሰራጨት የማይችልበት በዘር የሚመጣ በሽታ ሲሆን በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን ነው የሚይዘው። ፀጉሩ ይነጣል፣ ይሳሳል፣ ሲነኩት ይሻክራል፣ በራሱ ላይ ይጠማዘዛል። በ2ኛውና በ3ኛው ወር አካባቢ ልጁ መላላት ይጀምራል። አንገቱን መያዝ ያቅተዋል፣ የሚጥል በሽታ ይመጣል። የመዳብ መርፌ ሕክምና የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ሳምንታት ሲጀመር ነው። ጊዜው ያልፋል። በእርግጥ በጣም ጥቂት ልጆችን የሚይዝ በሽታ ነው፤ የፀጉሩ መጠማዘዝም በትንሽ ማጉያ ላያስታውቅ ይችላል። ግን ፀጉሩ የሳሳና የሻከረ፣ ሰውነቱም የላላ ወንድ ልጅ ሳይ «ይመለሳል፣ አትጨነቂ» ብዬ አልሸኘውም። ያን ቀን ወደ ሕፃናት ሐኪም ነው የምልከው።

አመጋገብንም አንርሳ። ተጨማሪ ምግብ የጀመረ ልጅ ፀጉሩ ከቀላና ከሳሳ የክንዱን ዙሪያ እንለካለን። ተቅማጥ ካለበት፣ አፉና መቀመጫው ዙሪያ ቆዳው ከቆሰለ ደግሞ የዚንክ እጥረት ይጠረጠራል። ለዚህ ሌንስም አያስፈልግም።

ከደርማቶስኮፕ የረቀቁ ማሽኖችም አሉ። ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ የሚባለው በሌዘር ብርሃን እያንዳንዱን ሕዋስ ሳይቀር ያሳያል፤ የሚደርሰው ግን እስከ ሩብ ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያህል ብቻ ነው። ኦሲቲ የሚባለው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ምስሉ ግን ያን ያህል አይጠራም። ሁለቱም ሳይቆርጡ የሚያዩ ናቸው። ሁለቱም ውድ ናቸው፤ ሕፃኑም ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት። እኔ ለጊዜው የማልመው እነሱን አይደለም።

እኔ የምፈልገው ክትባት ክፍል ውስጥ፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣ አንድ ደርማቶስኮፕ እንዲቀመጥ ነው። ሁሉም ሕፃን በዚያ ክፍል ያልፋል። የቆዳ ሐኪም ጋ የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነው። ነርስ ሐኪም ትሁን እያልኩ አይደለም። ቀዳዳ አለ የለም፣ ፀጉሩ ተሰብሯል አልተሰበረም የሚለውን ለይታ ፎቶውን ለቆዳ ሐኪም መላክ ትችላለች። ይህ ምሥራቅ ለቆዳ ሕክምና እንግዳ አይደለም። ከሐረር ወጣ ብላ ያለችው ቢሲዲሞ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ስትደርስ ስንት ዘመኗ ነው! ቆዳን አይቶ በሽታን መለየት እዚህ ሥር ያለው ሙያ ነው።

እስከዚያው ልጃችሁን ወደ ሐኪም የምትወስዱ ወላጆች ይህን አድርጉልኝ። ከምርመራው በፊት አትላጩት። የተላጨ ራስ ላይ የተሰበረውና የተቆረጠው አይለይም። በ7ኛው ቀን ለአቂቃ ወይም በሌላ ልማድ የምትላጩ ከሆነ ባዶ ቦታውን ቀድማችሁ በስልክ አንሱት። ጥላ ውስጥ፣ በር አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ አድርጋችሁ። በየወሩ ብታነሱት ደግሞ እየሰፋ ነው እየጠበበ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ቅቤም ዘይትም አትቀቡት፤ ቅርፊቱን ይደብቀዋል። የቀባችሁት ነገር ካለ ግን አትደብቁ፣ እቃውን ይዛችሁ ሂዱ። ማንም አይቆጣችሁም። የሚቆጣ ካለ እኔ ዘንድ ኑ።

ከውጭ የምትመጡ የድሬ ልጆች ደግሞ በየክረምቱ «ለጤና ጣቢያው ምን እናምጣ?» ትሉናላችሁ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አንድ ደርማቶስኮፕ አምጡልን። ፖላራይዝድ ብርሃን ያለው ይሁን፣ ጄል ፍለጋ አንንከራተትም። ከስልክ ማያያዣው ጋር፣ በዩኤስቢ የሚሞላ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የምትሰጡት ቦታ ላይ የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነና ማን እንደሚያሠለጥነው ጠይቁ። ካልሠለጠነበት ሰው እጅ ከገባ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።